የማርትሬዛ ልጅ መቃብር ጋ፣ ቪየና

ከሙኒክ ቪየና በሌሊት አውቶቡስ ሄድኩ፣ ሁለተኛ አላደርገውም። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ሲያወራ አደረ፣ እኛ ጋ ቢሆን አንድ አባት "ልጄ ሌሊት እኮ ነው" ይሉት ነበር፣ እዚህ ግን ሁሉም ሰው እየሰማ ዝም። ጠዋት ደክሞኝ ታክሲ ያዝኩ፣ 35 ዩሮ አለኝ፣ በኋላ ሳየው በሜትሮ ጥቂት ፌርማታ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ አንገበገበኝ።

የመጣሁት ግን ኦስትሪያን ይገዙ የነበሩት የሃብስበርግ ነገሥታት የተቀበሩበትን የካፑቺን መነኮሳት ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ለማየት ነው። ማሪያ ቴሬዛ እዛ ናት። ሴት አያቴ ሙዳይ ውስጥ የምታስቀምጠው ጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴትዮ፣ ማርትሬዛ የምንላት! ብሩ ላይ ያለው 1780 እሷ የሞተችበት ዓመት ነው (እ.ኤ.አ)። ከባሏ ጋር ያረፈችበት ሣጥን ትንሽ ቤት ያክላል፣ ዙሪያውን ሐውልት በሐውልት ነው። ከፊቱ ግን ምንም ጌጥ የሌለው የመዳብ ሣጥን አለ፣ የልጇ የዳግማዊ ዮሴፍ። እዛ ጋ እግሬ አልነቃነቅ አለኝ።

ይሄ ንጉሥ እናቱ ከሞተች በኋላ ባሉት አስር ዓመታት አገሩን ከሥሩ ሊቀይር የሞከረ ሰው ነው። ልማድ ስለቆየ ብቻ ትክክል አይደለም፣ በአእምሮ ይመዘን የሚለው የአብርሆት ሐሳብ ውስጡ ገብቷል። በ1781 ገበሬው ያለ ባላባቱ ፈቃድ እንዲያገባ፣ ከቦታው እንዲሄድ፣ ሙያ እንዲማር ፈቀደ፣ ወንድ አያቴ ጭሰኛ ስለነበሩ ይሄን ሳነብ ሆዴ ባባ። በዛው ዓመት ፕሮቴስታንቶችና ኦርቶዶክሶች በእምነታቸው እንዲያመልኩ ፈቀደ። የማያስተምሩና በሽተኛ የማያስታምሙ ገዳማትን ደግሞ ጥቅም የላቸውም ብሎ ዘጋ፣ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጸሎት ሥራ አይደለም ያለው ማነው?

ከሰዓት በኋላ በ71 ቁጥር ትራም ወደ ትልቁ መካነ መቃብር ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እዚህ አገር ሰው ሲሞት "71ን ያዘ" እንደሚባል ነገሩኝ፣ እሳቸው ባላቸው መቃብር ጋ እየሄዱ ነው። በሩ ጋ ሁለት ሻማ ገዝተው አንዱን ለኔ ሰጡኝ፣ ብር ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ።

እዛው ግቢ ባለው የቀብር ሙዚየም ውስጥ የዮሴፍ ዘመን ሣጥን አለ፣ ታቹ እንደ በር የሚከፈት። በ1784 ያወጣው ትእዛዝ ሬሳው ያለ ልብስ በከረጢት ተሰፍቶ፣ ኖራ ተነስንሶበት እንዲቀበር ነው፣ ጉድጓዱ ላይ የሣጥኑ ታች ይከፈትና ሬሳው ይወርዳል፣ ሣጥኑ ለሚቀጥለው ሟች ይመለሳል። እንጨት ይቆጠባል፣ ሬሳውም ቶሎ ይፈርሳል፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ሕዝቡ ግን አሻፈረኝ አለ፣ በ1785 መጀመሪያ ላይ ትእዛዙ ተነሳ። እናቴን ስንቀብር ቤታችን በእድር ሰው ሞልቶ ነበር፣ ገንዘን በነጠላ ጠቅልለን ነው የሸኘናት፣ ያንን ቀን ማንም በሒሳብ እንዲያሳጥርብኝ አልፈልግም ነበር። ለሕዝቡ ደግ እያሰበ ሕዝቡን አንድ ቀን እንኳ ምን ትላላችሁ ብሎ አልጠየቀም። በ1790 ሊሞት ሲል እሱው ይገዛት ለነበረችው ለሃንጋሪ ያወጣቸውን አብዛኞቹን ለውጦች ራሱ መልሶ ሻራቸው። ያ ጌጥ የሌለው የመዳብ ሣጥን ትዝ ሲለኝ ግን ልቆጣውም አልቻልኩም።

ስወጣ ሊመሽ ነው። ሻማውን ጽሑፉ የጠፋ አንድ አሮጌ መቃብር ላይ አበራሁት፣ ነፋስ ስለነበር እስኪረጋ በእጄ ከልዬው ቆየሁ።