ላይኛው አልጋ፦ ከፍራንክፈርት እስከ ሮም

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ስለ ባቡር የሚነግሩት ነገር ያለ አይመስለውም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለገሃርን፣ የፉርጎውን ሽታ፣ ኤረር ላይ በመስኮት የምንገዛውን ብርቱካን አውቃለሁ። ጀርመን ከመጣሁ በኋላ ግን ባቡር ማለት ሂሳብ ሆነብኝ።

ሮም አክስቴ ጋ የሄድኩት ከፋሲካ በኋላ ነው። እናቴ የላከችላት በርበሬና ሽሮ እኔ ቤት ሁለት ወር ተቀምጧል። ርካሽ የሚባለውን አውሮፕላን አየሁ። ቲኬቱ እውነትም ርካሽ ነው። ሻንጣ ሲጨመርበት ግን በርበሬው ከእኔ የበለጠ ሊከፍል ሆነ። ባቡር ላይ ደግሞ ሻንጣ የሚመዝን የለም። በዚያው ወሰንኩ።

ከሙኒክ ሮም የሚሄደውን የሌሊት ባቡር ከሁለት ወር በፊት ቆረጥኩ፦ ባለ ስድስት አልጋ ክፍል፣ ላይኛው አልጋ፣ 59 ዩሮ ከ90 ሳንቲም። ወንበር ከዚህም ይረክሳል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ማደሩን ወገቤ አልፈቀደም። ለሴቶች ብቻ የሚል ክፍልም ስላለ እሱን መረጥኩ። ጉዞው ሳምንት ሲቀረው እስቲ ዛሬ ስንት ገባ ብዬ ያንኑ አልጋ ፈለግሁት። ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደስ ያለኝን ደስታ ለማንም አልተናገርኩም፤ ክፉ ሰው ያስመስላል።

ከፍራንክፈርት ሙኒክ ያለውን መንገድ በዶይችላንድ ቲኬት ሄድኩ፤ በመላው ጀርመን በከተማና በአካባቢ ባቡሮች የሚያስኬድ ወርሃዊ ቲኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጀመር በወር 49 ዩሮ ነበር። በ2025 58 ሆነ፣ በ2026 ደግሞ 63። ለሥራ ስለምመላለስበት ድሮም በየወሩ የምከፍለው ነገር ነው፤ ስለዚህ ሙኒክ ድረስ በነፃ ሄድኩ ብዬ ቆጠርኩት። ችግሩ ፈጣኑን ባቡር አያሳፍርም። ፈጣኑ ሦስት ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ የሚጨርሰውን፣ እኔ ቩርዝቡርግና ኑርንበርግ ላይ እየቀየርኩ ስድስት ሰዓት ፈጀሁበት። ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተቆረጡ ስለሆኑ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ የሌሊቱ ቢያመልጠኝ የሚጠየቅልኝ አካል የለም። ስለዚህ በጠዋት ወጣሁ። አንዱ ባቡር 40 ደቂቃ ሲዘገይ እንኳ አልደነገጥኩም። ሙኒክ ጣቢያ ከሻንጣዬ ጋር ሦስት ሰዓት ተገትሬ ቆየሁ። ይሄንን ሰዓት በሂሳቤ ውስጥ አላስገባሁትም።

ባቡሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሳ። ስትሳፈሩ የፉርጎውን ቁጥር ደግማችሁ እዩ። ሁሉም ፉርጎ ሮም አይሄድም፤ ሌሊት ላይ ይለያያሉ። ተሳስቶ የገባ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ሌላ ከተማ ሊወስዱት ይችላሉ።

ክፍላችን ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበርን። በርበሬው ሻንጣ ውስጥ ሆኖ እንኳ ራሱን አስተዋወቀ። ሁለቱ ተማሪዎች ተያዩ። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ከታች የተኙት ጣሊያናዊት አሮጊት ግን ምንም አላሉም። ቦርሳቸውን ከፈቱና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጥንድ የጆሮ መድፈኛ አደሉን። ጀርመንኛቸው የተሰባበረ ነው፤ ያም ሆኖ መልእክቱ ገባን፦ እኔ አንኮራፋለሁ፣ ከአሁኑ ይቅር በሉኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት አይቼ አላውቅም። እኛ አገር የሚያንኮራፋ ሰው "እኔ? በጭራሽ!" ነው የሚለው፤ ጠዋት ደግሞ ይኮርፋል።

መድፈኛው አልረዳኝም። ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው።

ላይኛው አልጋ ላይ ቁጭ ማለት አይቻልም፤ ጣሪያው ግንባር ይመታል። ሙቀቱም ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ትንሽ ሸለብ ሲያደርገኝ ፉርጎ ሲቀጥሉ ጓ! ይላል። ከዚያ ፖሊስ መጣ። ከስድስታችን መጀመሪያ መታወቂያ የተጠየቀችው ማን እንደሆነች መገመት አያቅታችሁም። ፓስፖርትና መኖሪያ ፈቃዴን ትራሴ ሥር አድርጌ ስለነበር ተኝቼ ሰጠሁት፣ ተኝቼ ተቀበልኩት።

ቁርስ ከዋጋው ጋር ነው፦ ሁለት ትንንሽ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማርማላታ፣ ቡና የሚባል ነገር። ስለ ቡናው ዝም ልበል።

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ መድረስ ሲገባን 4 ሰዓት አልፎ የሮም ዋና ጣቢያ ቴርሚኒ ገባን። ሌላው ሰው ያማርራል፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ባቡር 60 ደቂቃ ከዘገየ የቲኬቱ 25 በመቶ፣ ሁለት ሰዓት ከሞላ ደግሞ 50 በመቶ ይመለሳል። 70 ደቂቃ! አምላኬን አመሰገንኩ።

አክስቴ እስክትመጣ ጣቢያው አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ አልኩ። ካፑቺኖ ከኮርኔቶ ጋር፤ ኮርኔቶ የጣሊያን ክሮሳን ነው። ሂሳቡ መጣ፦ 11 ዩሮ። ቆመው የሚጠጡት ሰዎች ሳንቲም ጣል አድርገው ሲወጡ አያለሁ። የተቀመጠ ዋጋውም ሌላ ነው ለካ።

አክስቴ ደረሰች። ሳመችኝ፣ ሻንጣውን አሸተተች፣ ከዚያ ደረሰኙን አየች።

"ምነው ልጄ፣ ቆመሽ አትጠጪም ነበር?"

"ሌሊቱን ሙሉ ስላልተኛሁ ነዋ፣ እታባ።"

በጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለፈጇቸው ወታደሮች መታሰቢያ ነው። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ ቂማቸውን በእኔ ካፑቺኖ የተወጡ መሰለኝ።

የዘገየው ባቡር ካሳ ከሦስት ሳምንት በኋላ ገባልኝ፦ 14 ዩሮ ከ98 ሳንቲም። ካፑቺኖውን ቀንሼ 3 ዩሮ ከ98 ብዬ መዝግቤዋለሁ።