በካርቶን፣ በዱቄትና በጨው፦ ከአራት ዓመት ልጄ ጋር የምንሠራው የእጅ ሥራ

ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አንድ የእጅ ሥራ ዕቃ ገዛሁላት። በውስጡ አስቀድሞ የተቆራረጠ ባለቀለም ወረቀት፣ የሚለጠፉ ሁለት ዓይኖችና ሙጫ ነበረበት፤ በሽፋኑ ላይ ደግሞ ሥራው ተጠናቅቆ ሲያልቅ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያሳይ የጉጉት ሥዕል ታትሟል። ልጄ ሁለቱንም ዓይኖች ከጉጉቷ ክንፍ ሥር ጎን ለጎን ለጠፈቻቸው። እኔ ደግሞ ሙጫው ሳይደርቅ ልድረስ ብዬ ዓይኖቹን አነሣሁና በሽፋኑ ላይ እንዳሉት ወደ ፊቷ መለስኳቸው። ልጄ ምንም አልተናገረችም፤ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ወደ ሌላ ጨዋታ ሄደች። ጉጉቷን የጨረስኳት ብቻዬን ነበር።

ማታ ላይ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ሳስብ ያገኘሁት ምክንያት ግልጽ ነበር። ዕቃውን ገንዘብ አውጥቼ ስለ ገዛሁት እንዲበላሽብኝ አልፈለግሁም፤ ትክክለኛው መልክ የትኛው እንደ ሆነም ሽፋኑ አስቀድሞ ወስኖልኛል። ከዚያ ወዲህ ባለፈው አንድ ዓመት ገደማ የሠራናቸው ነገሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ከቤት ውስጥ በተገኘና ቢበላሽ በማያስቆጭ ነገር የተሠሩ ናቸው። ርካሽ ነገር የምመርጥበት ዋናው ምክንያቴም ይኸው ነው፤ በእጇ ያለው ሊጣል የተዘጋጀ ካርቶን ሲሆን «ተጠንቀቂ፣ እንዳታባክኚ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም፣ እርሷም አሥር ጊዜ ሠርታ አሥር ጊዜ ልታፈርሰው ትችላለች።

ደጋግመን የምንመለስበት ሊጥ ነው። አንድ ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በድስት ውስጥ አቀላቅዬ በዝግተኛ እሳት ላይ አማስላለሁ። መጀመሪያ ቀጭን ይሆናል፤ ቀጥሎ መጓጎል ይጀምራል፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከድስቱ እየለቀቀ በማማሰያው ዙሪያ ይሰበሰባል፣ ያን ጊዜ ማውረድ ነው። ለብ እስኪል ጠብቀን በደንብ ስናሸው እንደ ጆሮ ለምለሚት ለስላሳ ይሆናል። እሳቱ የእኔ ድርሻ ሲሆን መስፈሩና ማሸቱ ግን የልጄ ነው፤ ኩባያውን አፉ ድረስ ሞልታ በጣቷ ማስተካከሉን ከመጫወቱ ባልተናነሰ ትወደዋለች። ሙቀቱ ዱቄቱ ውሃውን መጥጦ እንዲይዝ ስለሚያደርግ ሊጡ እጅ ላይ አይጣበቅም፤ ጨው ደግሞ ቶሎ እንዳይሻግት ይጠብቀዋል። ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከተቀመጠ ለሳምንታት ይቆያል፤ ሲደርቅ በውሃ የረጠበ እጅ እንደገና ያለሰልሰዋል።

ሊጡን በሰጠኋት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም መሣሪያ አላቀረብኩላትም። ቅርጽ ማውጫ አስቀድሞ ከቀረበ ልጁ የሚሠራው የቅርጽ ማውጫውን ሥራ ነው፤ በባዶ እጅ ሲሆን ግን መጭመቅ፣ መድቦልቦል፣ እንደ እባብ ማርዘም፣ መቆንጠጥና መብሳት አንድ በአንድ ከራሱ ጣቶች ይወጣሉ። ከሳምንት በኋላ የጠርሙስ ክዳን፣ ያረጀ ማበጠሪያና ቅጠል ጨመርኩላት። ማበጠሪያው በሊጡ ላይ የሚተወውን መስመር ስታይ «ዝናብ!» ብላ ጮኸች፤ ለብዙ ቀናትም ዝናብ ብቻ ሠራች።

በነገራችን ላይ ዛሬ ፕሌይ ዶ በሚል ስም የሚታወቀው የልጆች ሊጥ መጀመሪያ በአሜሪካ የተሠራው የግድግዳ ወረቀት ለማጽዳት ነበር። ቤቶች በከሰል ይሞቁ በነበረበት ዘመን ጥቀርሻው የግድግዳውን ወረቀት ያጠቁረው ስለ ነበር፣ ሰዎች ያንን ሊጥ መሰል ነገር በግድግዳው ላይ እያንከባለሉ ያጸዱበት ነበር። ከሰል እየቀረ ሲሄድ ዕቃው ገበያ አጣ። ኬይ ዙፎል የተባለች የሕፃናት መምህርት ከተማሪዎቿ ጋር ለእጅ ሥራ ከተጠቀመችበት በኋላ ግን እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1956 በመጫወቻነት ለገበያ ቀረበ። ይህን ታሪክ የምወደው፣ ለልጅ ተብሎ ያልተሠራ ነገር በልጆች እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ስለሚያሳይ ነው።

ደርቆ እንዲቀመጥ ለሚፈለግ ሥራ ግን ሌላ ዓይነት ሊጥ ያስፈልጋል፤ ሁለት ኩባያ ዱቄትና አንድ ኩባያ ጨው በአንድ ኩባያ ውሃ ያለ እሳት ይቦካል። ውሃውን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ጥቂት በጥቂት መጨመር ይሻላል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ኖሮት ከተዳመጠ፣ በየዕለቱ እየተገላበጠ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይደርቃል፤ በምድጃ ከሆነ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ቸኩሎ ሙቀቱን ማብዛት ሊጡን ይሰነጥቀዋል፤ እኔ የልጄን የእጅ አሻራ በዚህ ዓይነት ከሁለት ከፍዬባት በጣም አዝኛለሁ። ሁለቱም ሊጦች ጨዋቸው እጅግ የበዛ ስለ ሆነ ልጅ እንዳይበላቸው መጠበቅ ይገባል፤ ባልበሰለው ውስጥ ያለው ጥሬ ዱቄትም በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ውሻ ያለበት ቤት ደግሞ በተለይ ይጠንቀቅ፤ ያን ያህል ጨው ለውሻ መርዝ ነው።

ወረቀት መቅደድ ከመቀስ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ ወላጆች ግን ይዘሉታል። ወረቀት ለመቅደድ ሁለቱ እጆች በተቃራኒ አቅጣጫ መሥራት አለባቸው፤ የአውራ ጣትና የጠቋሚ ጣት ጫፎችም አጥብቀው መያዝ ይኖርባቸዋል። ያረጀ ጋዜጣ ቀደን ቀደን፣ ቁርጥራጩን በካርቶን ላይ በሙጫ እንለጥፋለን። ሙጫውን ራሳችን እንሠራዋለን፦ አንድ እጅ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ መጓጎሉ እስኪጠፋ ድረስ ይበጠበጥና ሦስት እጅ ውሃ ተጨምሮበት እስኪወፍር ድረስ ይማሰላል። ከበረደ በኋላ ልጄ በጣቷ ትቀባዋለች። ለወረቀትና ለስስ ካርቶን በቂ ነው፤ ቶሎ ስለሚበላሽ ግን ከሁለት ቀን በላይ አላቆየውም፣ ያውም በማቀዝቀዣ ውስጥ።

ወደ መቀስ የገባነው በሊጡ በኩል ነው። እንደ እባብ የረዘመውን ሊጥ ጫፉ ደንዝዞ በተሠራ የልጆች መቀስ መቆራረጥ ከወረቀት ይቀላል፤ ሊጡ አይታጠፍም፣ አያመልጥምም። ቀጥሎ አንድ ጣት ያህል ስፋት ያላቸውን የወፍራም ወረቀት ቅዳጆች በአንድ ጭምቅታ መቁረጥ፣ ከዚያ በቀጥታ መስመር ላይ መሄድ፣ ክብ ነገር መቁረጥ ደግሞ ከሁሉ በኋላ ይመጣል። በዚህ መሐል ለሳምንታት ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነበር። ልጄ መቀሱን በጨመቀች ቁጥር ወረቀቱ በስለቶቹ መካከል ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም፤ እርሷም «አልችልም» ማለት ጀምራ ነበር። ልጄ ግራኝ ናት። የተለመደው መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ ጭምቅታው ስለቶቹን አንዱን ከሌላው ያራርቃቸዋል፤ ላይኛው ስለትም የሚቆረጠውን መስመር ይሸፍናል። ስለቶቹ ተገልብጠው የተሠሩበት የግራኝ መቀስ እንዳገኘን በዚያው ቀን መቁረጥ ቻለች። ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ አንድ ዕቃ ቢኖር ይህ ነው።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እጁ ቶሎ የሚደክመው ስንፍና ይዞት አይደለም። የሰው የእጅ አንጓ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት፤ ሕፃን ሲወለድ ግን ገና ወደ ጠንካራ አጥንትነት አልተለወጡም፣ ለውጡም ቀስ በቀስ እስከ ትምህርት ቤት ዕድሜ ይቀጥላል። ስለዚህ አንዱ ሥራ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ እኔ ረክቼ እነሣለሁ፤ ሰዓቱን የምታረዝመው ራሷ ከሆነች ደግሞ አልከለክላትም። የተሰበረ የሰም ከለርም አልጥልም። ረጅሙን ከለር በሙሉ መዳፍ መጨበጥ ይቻላል፤ አጭሩ ስባሪ ግን በሦስት ጣቶች ካልሆነ በስተቀር ስለማይያዝ፣ ማንም ሳያስተምራት እርሳስ የሚያዝበትን አያያዝ እጇ ራሱ አገኘው።

እነዚሁ ስባሪ ከለሮች ለቅጠል አሻራ ይሆናሉ። ቅጠሉን ጅማቶቹ ጎልተው የሚታዩበትን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ስስ ወረቀት ማልበስ፣ ከለሩን ልጣጩን ልጦ በጎኑ አጋድሞ በወረቀቱ ላይ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። ሥራው እምብዛም ችሎታ አይጠይቅም፤ ከምንም ውስጥ ብቅ ብቅ የሚሉትን ጅማቶች ስታይ የልጄ ፊት የሚሆነውን ግን ቢያዩት ደስ ይላል። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት አራቱን ማዕዘን በፕላስተር መያዝ ይረዳል። ሳንቲም፣ የቅርጫት ጎንና የጫማ ሶልም እንዲሁ አሻራ ይሰጣሉ።

ለቀለም ሥራ ሦስት ቀለም ብቻ እሰጣታለሁ፦ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ። የቀሩትን ራሷ ማግኘት አለባት። የሶፍት ካርቶን ጥቅል ጫፉን ቀለም ውስጥ ነክረን ወረቀት ላይ ስንጫነው ክብ ይወጣል፤ ጥቅሉን በጣት ጨመቅ ስናደርገው የቅጠል ቅርጽ ይሆናል፤ ጫፉን ቆራርጠን ወደ ውጭ ስንዘረጋው ደግሞ አበባ ይመስላል። ቢጫው ክብ በሰማያዊው ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ መውጣቱን ካየች በኋላ «እኔ ነኝ የሠራሁት» እያለች ለቤተሰቡ ሁሉ አሳየች። ሦስቱም ሲደባለቁ የሚመጣው ቡናማ ጭቃ እኔን አያስደስተኝም፣ እርሷ ግን ደጋግማ ትሠራዋለች፤ እንድትሠራውም እተዋታለሁ። የእንቁላል መያዣ ካርቶንን እንደ ቀለም ማስቀመጫ እንጠቀምበታለን፤ ካለቀ በኋላ ይቆረጥና አባጨጓሬ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ካነጠፍኩ፣ እርሷን ያረጀ የአባቷን ሸሚዝ ገልብጬ ካለበስኳትና እርጥብ ጨርቅ አጠገቧ ካኖርኩላት መጥረጉም የሥራው ክፍል ይሆናል።

ለመሰካት ሥራ በካርቶን ላይ ቀዳዳዎችን አብጅቼ የጫማ ማሰሪያ እሰጣታለሁ፤ ዶቃና ቁልፍ ግን አሁንም እኔ ባለሁበት ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ልጅ ያለበት ቤት በሶፍት ጥቅል ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውንም ዕቃ ከአጠገቡ ቢያርቅ መልካም ነው፤ ሊያንቀው ይችላልና። የሰዓት ባትሪና ትንንሽ ማግኔት ደግሞ ከተዋጡ አንጀትን ስለሚጎዱ ለማንኛውም ልጅ የእጅ ሥራ አይሁኑ።

በሥራው ጊዜ ምን እንደምናገር ከዕቃው ይልቅ አስቸግሮኛል። «ይህ ምንድን ነው?» ስላት አንዳንዴ ትጨነቃለች፤ ምንም ላይሆን ይችላልና። አሁን «ስለ ሥራሽ ንገሪኝ» እላታለሁ፣ ወይም ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ፦ «እዚህ ጋ ብዙ ቀይ አለ፣ እዚያ ደግሞ ትንሽ።» ሽልማትም አልሰጥም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ልጆችን አጥንተው ነበር። ለሚሥሉት ሥዕል የምስክር ወረቀት እንደሚሸለሙ አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነፃ የጨዋታ ሰዓታቸው ሽልማት ካልተጠበቀላቸው ልጆች ያነሰ ጊዜ በሥዕል ላይ አሳለፉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ተለጣፊ ኮከቦቹን ለእርሷው ሰጠኋትና ወረቀት ላይ እንደ ልቧ ለጠፈቻቸው።

ሥራዎቿ እየበዙ ሲሄዱ ሁሉንም ማስቀመጥ እንደማይቻል ተረዳሁ። በወሩ መጨረሻ አብረን ተቀምጠን አምስት ትመርጣለች፤ የቀሩትን ፎቶ አነሣና እንደገና እንቆርጣቸዋለን፣ እንቀዳቸዋለን። በተመረጡት ጀርባ ላይ ቀኑንና እርሷ የተናገረችውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ባለፈው ወር ከመረጠቻቸው አንዱ በሁለት ቦታ የተቀደደ ባዶ የካርቶን ጥቅል ነው፤ ከጎኑም እንዲህ ተጽፏል፦ «ይህ የነፋስ ቤት ነው። አሁን ነፋሱ ወጥቷል።»