የሜሪላንዱ ጊሽጣ

ልጄ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። እማዬ ልታርሰኝ ከድሬዳዋ ወደ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ ነበር። ቤቱ በገንፎና በቅቤ ሽታ ታውዷል። በሦስተኛው ሳምንት፣ እንቁጣጣሽ ሲያልፍ፣ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው። ሰባን የተሻገሩ ጥቁር አሜሪካዊ ጡረተኛ። እኔ ቤት ውስጥ ሳነሳቸው «ጋሼ» ነው የምላቸው። አራስ ቤት ባዶ እጅ እንደማይመጣ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ የወረቀት ከረጢት ይዘዋል።

እማዬ ተቀበለቻቸው። ከረጢቱን ከፈት አድርጋ አሸተተች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጊሽጣ!» አለች።

ጊሽጣ አልነበረም። የጊሽጣ ልጣጭ እንደ ቅርፊት የተደራረበ ነው፣ ይሄ ለስላሳ። ቅርጹ አጭርና ወፍራም ማንጎ ይመስላል። ግን ስትቆርጠው ሽታው ያው ነው። ሥጋው የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ፣ እንደ ክሬም የሚላላ። በማንኪያ ነው የሚበላው። መጀመሪያ ሙዝ ሙዝ ይላል፣ ቀጥሎ ማንጎ፣ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አያቴ ግቢ ውስጥ የነበረው ጊሽጣ። እማዬ አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ስታነሳ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ወላድ ነኝ፣ ሆድ ብሶኝ ነበርና አብሬያት አለቀስኩ።

ጋሼ ስሙ ፓውፓው ነው አሉን። ይሄ ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። በአፍሪካም በሌላም ብዙ አገር ፓውፓው ሲባል ፓፓያ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደውሎ «ፓፓያ በዚህ በረዶ? አብደሻል?» ያለኝ ለዚህ ነው። ይሄኛው ሌላ ዛፍ ነው። የምሥራቅ አሜሪካ የራሷ ዛፍ። ክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በረዶ ይችላል፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በየጫካው ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። በዚህች አገር በተፈጥሮ ከሚበቅሉት የሚበሉ ፍሬዎች ሁሉ በመጠን ትልቁ እሱ ነው። ከጊሽጣ ጋር ደግሞ በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም አንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚያስቀምጧቸው። እማዬ መጽሐፍ ሳታገላብጥ በአፍንጫዋ ለየችው። እኔ ደግሞ ስምንት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ በዚያ ወንዝ ዳር ስንቴ ተመላልሼ፣ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከበሰለ በኋላ ውጭ ከተቀመጠ ከሁለት ሦስት ቀን አይዘልም፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ሳምንት ቢቆይ ነው። ልጣጩ ይጠቁራል፣ ሥጋው ይፈርሳል። ጭነው ሩቅ የሚወስዱት ፍሬ አይደለም። ያለው ይበላል፣ የሌለው ጎረቤቱን ያያል።

እማዬ ዘሩን አንድም አልጣለችም። ትልልቅ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ባቄላ ያሉ ጥቁር ቡናማ ፍሬዎች ናቸው። አጥባ ፀሐይ ላይ ልታሰጣቸው ስትል ጋሼ በአጥር በኩል አይተው እጃቸውን አወናጨፉ። እኔ አስተረጎምኩ። ዘሩ ከደረቀ ሞተ ማለት ነው። እርጥብ ሆኖ፣ ሦስት ወር ያህል ብርድ ካላየ አይበቅልም። እማዬ የድሬዳዋ ሰው ናት። ዘር ፍሪጅ ውስጥ ይገባል ሲባል «እናንተ አገር ዘሩም ይበርደዋል?» አለች። ቢሆንም 12 ዘር በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላ፣ በላስቲክ አስራ፣ ከበርበሬው ጎን አስቀመጠችው። ጥር ላይ ስትሄድ የመጨረሻ አደራዋ ያ ላስቲክ ነበር።

ሚያዝያ 2014 ዘራሁት። ረዘም ባለ ባልዲ ውስጥ፣ ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ። ግንቦት አለፈ፣ ምንም። ሰኔ አለፈ፣ ምንም። እማዬ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውላለች። ስለ ልጄ ጠይቃ ሳትጨርስ «በቀለ ወይ?» ትላለች። አልበቀለም ማለት ከብዶኝ ስልኩን ያላነሳሁበት እሑድ አለ። ባሌ ባልዲውን ለቲማቲም እንጠቀምበት ሲል አንገራገርኩ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የማታ ሥራ አድሬ ሲነጋ ስገባ፣ አፈሩን ሰንጥቆ የወጣ ጎንበስ ያለ ነገር አየሁ። ቅጠል እንኳ የለውም፣ የታጠፈ አንገት ብቻ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ከሥር ሲሠራ ነበር። መጀመሪያ ሥሩን በደንብ ቁልቁል ይልካል፣ ከላይ የሚታየው ኋላ ነው። ድሬዳዋ እኩለ ሌሊት መሆን አለመሆኑን ሳላሰላ ደወልኩ።

ሰባቱ በቀሉ። ችግኙ ፀሐይ አይወድም፣ ጫካ ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የለመደ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ጥላ ካላገኘ ይቃጠላል። እማዬ ትታው የሄደችው ያረጀ ነጠላ ነበር፣ ጥለቱ የተላጠ። አራት እንጨት ተክዬ እሱን ዘረጋሁበት። ብርሃኑን ያጠልለዋል፣ ነፋስም ያሳልፋል። ሁለት በጋ እዚያ ነጠላ ሥር አደጉ።

ወደ መሬት ሳዛውራቸው ግን ሁለቱን ገደልኩ። ዋናው ሥር ረጅምና ተሰባሪ ነው፣ እኔ ደግሞ እንደ ጎመን ችግኝ ጎትቼ አወጣሁት። እዚያው በጣቴ መካከል ቀጭ ሲል ተሰማኝ። እስካሁን ያንን ድምፅ አልረሳውም። የቀሩትን አምስቱን ከነአፈራቸው፣ ባልዲውን ቀድጄ ነው ያወጣኋቸው።

ሌላ ችግር አልነበረባቸውም ማለት እችላለሁ። ሰፈራችን በአጋዘን የተወረረ ነው፣ ቆስጣዬን፣ ቲማቲሜን፣ ጽጌረዳዬን ይጨርሱታል። ይሄን አይነኩትም። ቅጠሉን ስትጨምቁት ይከረፋል። የሚበላው አንድ ቢራቢሮ ነው፣ የሜዳ አህያ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር። ትሎቹ ከዚህ ዛፍ ቅጠል ሌላ አይበሉም። ጉዳታቸው ትንሽ ስለሆነ አልነካቸውም። እንዲያውም እነሱ ከመጡ ወዲህ ልጄ ከግቢ አልገባ ብላለች።

በ2020 ሚያዝያ አበባ አየን። ሁሉም ሰው ቤቱ የተዘጋበት ያ ጊዜ። ቅጠል ሳይወጣ፣ በባዶው ቅርንጫፍ ላይ፣ አንገቱን የደፋ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው አበባ። ደስ ብሎን ስንጠብቅ አንድ በአንድ ረገፈ። ፍሬ የለም። ጋሼ ጭምብላቸውን እንዳደረጉ ከአጥሩ ማዶ አስረዱኝ። ንብ ይሄን አበባ አታየውም። ሽታው ደካማ የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ነው፣ የሚመጡለት ዝንብና ጥንዚዛ ናቸው፣ እነሱም ሰነፎች። ደግሞ አንድ ዛፍ ለራሱ አይበቃም። በዘር የተለየ ሁለተኛ ዛፍ ያስፈልገዋል። ጫካ ውስጥ አንድ ላይ የቆመ መንጋ ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሥር የወጣ አንድ ዛፍ ነው። ከዚያ ሁለት ነቅሎ የተከለ ሰው እድሜ ልኩን አበባ ያያል። የኔዎቹ ከዘር ስለበቀሉ ወንድማማች ቢሆኑም ይለያያሉ። የቀረው እጄን ማስገባት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የልጄን የውኃ ቀለም ብሩሽ ወሰድን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ አበባ መጀመሪያ ሴት ነው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ወንድ ይሆናል። ያረጀው አበባ ውስጥ ቡናማ ድቡልቡል አለች፣ ብሩሹን ስታስነኩት ዱቄት ይረግፋል። ያንን ወስዶ ሌላኛው ዛፍ ላይ ያለ ገና ያልጎለመሰ አበባ ውስጥ፣ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጨውን ጫፍ መቀባት። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጣቷ ቀጭን ስለሆነ ከኔ ይልቅ እሷ ትችልበታለች። ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አበባ በአበባ። መስከረም ላይ 11 ፍሬ ለቀምን።

ስለ ታሪኩም እያነበብኩ ነው። ሉዊስና ክላርክ የሚባሉት አሳሾች በ1806 መስከረም ሚዙሪ ላይ ስንቃቸው አልቆ በዚህ ፍሬ ነው የሰነበቱት። ኬንታኪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ1990 ጀምሮ ይመራመርበታል። ኒል ፒተርሰን የሚባል ሰው ምርጥ ዝርያዎችን ለይቶ በወንዞች ስም ሰየማቸው፤ ፖቶማክ፣ ሳስኩሃና፣ ሸናንዶዋ። አንድ ሸናንዶዋ ገዝቼ ስድስተኛ አድርጌያለሁ። ዘሩ ትንሽ፣ ጣዕሙ የዋህ ነው። ለመትከል የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዘሩና ልጣጩ አይበላም። ሥጋውም ለአንዳንድ ሰው ሆድ አይስማማም፣ መጀመሪያ ቀን በጥቂቱ ሞክሩት።

ያን መስከረም እማዬን በቪዲዮ ጠርቼ ፊቷ ቆረስኩት። «አሽትቺልኝ» አለችኝ። አሸተትኩላት። ሌላ ምን ይደረጋል፣ ሦስት ቀን የማይቆይ ፍሬ ባሕር አይሻገርም። ሥጋው ግን በረዶ ቤት ይቆያል። አንድ ብልቃጥ ሞልቼ «የእማዬ» ብዬ ጻፍኩበት።

ቪዛዋ የተገኘው በ2022 ነው። ግንቦት ላይ መጣች። ዛፎቹ ላይ ፍሬው ገና የጣት ያህል ነበር፣ እንደ ሙዝ ተጣብቆ ወደ ላይ የቆመ። ብልቃጡን አወጣሁት። ማንኪያውን እየላሰች ቀስ ብላ ጨረሰችው። ምንም አላለችም። ከዚያ «ዘሩስ?» አለች።

ወደ ጓሮ ወሰድኳት። አዲሶቹ ችግኞች በባልዲ ውስጥ፣ በዚያው ነጠላ ሥር ቆመዋል። ነጠላውን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ፀሐይ በልቶታል። የረጃጅሞቹን ዛፎች ጥላ አየች፣ ችግኞቹን አየች።

«ይሄን ጨርቅ አንሺው» አለችኝ። «ከእናታቸው ሥር አድርጊያቸው።»

ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ተጋግዘን አዛወርን።