የግራ ጎኗ

ዛሬ ጨረስኳት። 5 ወር ፈጀችብኝ። አንድ ክንድ የማትሞላ የጠፈር መርከብ ሞዴል ናት፣ ያውም የጭነት። ማንም አብርሯት አያውቅም፣ ወደፊትም የሚያበርራት የለም።

ሳጥኑን የከፈትኩ ቀን ውስጡ መርከብ የሚመስል ነገር አልነበረም። ክሬም የመሰሉ 26 የሬዚን (ፈሳሹ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚደርቅ ነገር) ቁራጮችና አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ፤ በቃ። እንዲህ ዓይነቱን ሞዴል ብዙ ጊዜ ትልቅ ፋብሪካ አይሠራውም። አንዱ ጋራዡ ውስጥ ዋናውን ይቀርጽና ሲሊኮን አፍስሶ ቅርጹን ይወስዳል። ከዚያ ሬዚን እየሞላ ያወጣል። ሲሊኮኑ ጥቂት ደርዘን ካወጣ በኋላ መቀደድ ይጀምራል። ለዚህ ነው ዋጋው የሚወደደው። እንከንም አያጣውም። ገንዘብ ከፍለህ ሥራ ትገዛለህ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት እጥበት ነው። ቁራጩ ከሲሊኮኑ እንዲላቀቅ የሚቀቡት ቅባት ላዩ ላይ ይቀራል። በለብታ ውሃና በዕቃ ሳሙና ካልፈተጉት ቀለም አይዝም። ባለቤቴ ሲንኩ ውስጥ ሞተር ተዘፍዝፎ ስታይ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ግን ገብቶኛል።

አንዱ ክንፍ ተጣሞ ነበር የመጣው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ለስለስ ሲል አቃንቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። ቀጥ አለ። ለማጣበቅ ደግሞ የተለመደው የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ አይሆንም። እሱ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያያይዘው፤ ሬዚን አይሟሟለትም። ስለዚህ ሱፐር ግሉ። እሱ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። የግራ ክንፏን ስገጥም ጠብታው ጣቴ ሥር ሾልኮ ገባ። ጣቴን ሳላቅቅ አሻራዬ ጎኗ ላይ ቀረ። ልፋቀው ብል ዙሪያው ያሉት ቀጫጭን መስመሮች አብረው ሊጠፉ ነው። ተውኩት።

አጎቴ አዲስ አበባ ባትላሜራ ነው። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እሱ ጋ እውል ነበር። ስቱኮ መቀባት፣ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከሩ ማሸት፣ ሁሉንም ያየሁት እዚያ ነው። «ዓይንህን አትመን፣ በመዳፍህ ዳስሰው» ይለኝ ነበር። ሬዚንም ውሃ እየነከሩ ነው የሚታሸው፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም። የአየር አረፋ የተዋቸውን ቀዳዳዎች በስቱኮ ደፍኜ፣ አሽቼ፣ በመዳፌ ዳሰስኳት። ለስላሳ ነበረች። ግራጫውን የመጀመሪያ ቀለም ስነፋባት ግን 11 ቀዳዳ ቆጠርኩ። ጋሼ ይህን ቢሰማ ይስቅብኛል።

ከቀለሙ ሁሉ የወደድኩት ማቆሸሹን ነው። በስፖንጅ ቁራጭ ጥቁር ቡናማ ቀለም ነካ ነካ ሲያደርጉ ቀለሟ የተላጠ ይመስላል። በሞተሮቹ ዙሪያ ጥላሸት ነፋሁ። በግራ በኩል ትንሽ በዛ። እሺ፣ በጣም በዛ።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ የስሚዝሶንያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ሩቅ አይደለም። ስታር ትሬክ የሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የጠፈር መርከብ፣ ኢንተርፕራይዝ፣ እዚያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ለቀረጻ የተሠራችው ራሷ፣ 3.4 ሜትር ርዝመት ያላት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲያድሷት ገላዋ ላይ ጥላና መስመር አበዙባትና ብዙ አድናቂ ተቆጣ። በ2016 ያደሷት ባለሙያዎች ያንን አንስተው ወደ ድሮ መልኳ መለሷት። እኔን የገረመኝ ግን የግራ ጎኗ ነው። የመብራት ሽቦ የሚገባው በዚያ በኩል ስለነበር አልጨረሱትም። ካሜራው የሚያያት በቀኝ ብቻ ነበር። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ልቤ ትንሽ ረጋ ብሏል።

ማታ ለጋሼ በቪዲዮ ደወልኩለትና ቀኟን አሳየሁት።

«ቀብተህ ስትጨርስ አቆሸሽካት?»

«ብዙ የሠራች እንድትመስል ነው ጋሼ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጭረት ሳጠፋ ኖሬ፣ አንተ ትጭርልኛለህ?» ሳቀ። ከዚያ ዝም ብሎ አያት። «እስቲ ግራዋን አዙርልኝ።»

ኔትወርኩ ተቆራረጠ ልለው አሰብኩ። አዞርኳት።

ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ጥላሸቱ እዚህ ጋ ለምን በዛ?»

ዝም አልኩ።

«ጣትህ ነው አይደል?»