26 ሳንቲም

የጭቃ ቤታችንን ካፈረስነው ሁለት ወር ሆነን። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ያለ ግቢ ነው፤ 140 ካሬ። ለጊዜው እዚያው ሰፈር ተከራይተናል። በእጃችን ያለው ባዶ መሬትና አንድ ጥቅል ፕላን ነው።

ፕላኑን ያላሳየሁት ሰው የለም። የቢሮ ጓደኛዬ "ሳሎኑ ጠበበ" አለችኝ። ውጭ ያለው ወንድሜ በቴሌግራም አይቶ "ኪችኑን ከሳሎን ጋር ክፍት አድርጉት" አለ። ክፍት ኪችን! የቁሌት ሽታ መጋረጃ ላይ ስንት ቀን እንደሚከርም ረስቶታል። የእድራችን ዳኛ ደግሞ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ ጣታቸውን ኮሪደሩ ላይ አሳረፉ።

"ልጄ፣ እዚህ ጋ ሳጥን ይዞራል?"

ቁም ሳጥን መስሎኝ "ኧረ ይዞራል ጋሼ" አልኩ። የገባት እማዬ ናት። "የኔን ሳጥን ነው የሚሉሽ" አለችና ከት ብላ ሳቀች። እኔን ሳቅ አልመጣልኝም። ማታ ግን ኮሪደሩን ለካሁት። 90 ሳንቲም። መታጠፊያም አለው።

እውነቱን ለመናገር ፕላኑ ለኛ የተሠራ አልነበረም። የሣለልን ድራፍትማን ለሌላ ሰው የሠራውን ነው ስም ቀይሮ የሰጠን። በምን አወቅሽ አትሉኝም? አንድ መኪና በመከራ በሚያልፍበት መንገድ የሁለት መኪና ጋራዥ አስቀምጦልናል።

ቅዳሜ ጠዋት የልጅነት ጓደኛዬ መጣች። ልደታ ያለው ሕንጻ ኮሌጅ ነው የተማረችው። ፕላኑን ዘረጋሁላት። አላየችውም።

"እማማ፣ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የት ነው የሚሄዱት?"

"ወዴት እሄዳለሁ፤ ሽንት ቤት ነዋ። ከዚያ ጸሎቴን አደርሳለሁ። እንጀራ ያለቀ ቀን ምጣዴን እጥዳለሁ።"

"በቃ፣ ሲባጎና ኖራ ፈልጊ" አለችኝ ወደኔ ዞራ።

ችካል ተከልን፣ ሲባጎ ወጠርን፣ ምድር ቤቱን በሙሉ በትክክለኛ መጠኑ መሬት ላይ በኖራ አሰመርነው። እማዬ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በሩ በተባለው ክፍተት ገባች። ጉልበቷ ስለሚያማት የታችኛው መኝታ የሷ ነው፤ 18 ደረጃ በየቀኑ አትወጣም። ፕላኑ ላይ 3 በ3 ይላል። ቁጥሩ ግን ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል ነው ለካ። ብሎኬቱ 20 ሳንቲም፣ ልስኑ በዚህም በዚያም 2 2። 24 ሳንቲም ግድግዳው ይበላዋል፤ ለሰው የሚተርፈው 2 ሜትር ከ76 ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

የእማዬ አልጋ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90 ነው። ግርጌው ላይ ቁም ሳጥኑ 60 ሳንቲም ይይዛል። የቀረውን ጓደኛዬ በሜትር ለክታ አሳየችን። 26 ሳንቲም። እማዬ በሁለቱ የኖራ መስመሮች መሃል ጎኗን አዙራ ቆመች።

"በዚህ ነው የማልፈው? ሌሊት? በጨለማ?"

ወደ ኪችኑ ሄድን። ፕላኑ ምጣዱን ጓሮ ካለው ሰርቪስ ውስጥ ነው ያደረገው። እማዬ የሊጥ ባልዲ የያዘች መስላ ተነሳች። በሩን በክርኗ ገፋች። ግቢውን አቋረጠች። እኔ እርምጃዋን ቆጠርኩ፤ 23። ያውም ጣሪያ በሌለው ቦታ። ሐምሌ ላይ አስቡት። ጓደኛዬ ሰርቪሱን ጎትታ ከዋናው ቤት ጋር አጣበቀችው፤ የጭሱና የእንፋሎቱ መስኮት ወደ ጓሮ፣ በሩ በቀጥታ ወደ ኪችን። ለምጣዱ ከቆጣሪው የራሱ መስመር እንዲመጣለትም ጻፈች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። የድሮ ቤታችን መብራት እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ለምን ይቆርጥ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከዚያ አንድ የማልጠብቀውን ጠየቀች።

"እማማ፣ ድሮ በርበሬ የሚያሰጡት የቱ ጋ ነበር?"

እማዬ ሳታመነታ ወደ ደቡቡ ጥግ ጠቆመች። "እዚያ ነዋ። ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይ ከዚያ አይጠፋም።"

ጓደኛዬ ፈገግ አለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሰኔ ላይ የቀትር ፀሐይ ትንሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በታኅሣሥ ግን ወደ ደቡብ በደንብ ታዘነብላለች። ብርዱ አጥንት የሚሰብረው ደግሞ በታኅሣሥ ነው። ድራፍትማኑ የእማዬን መስኮት በሰሜን አድርጎት ነበር። በብርዱ ወር ፀሐይ ዝር የማትልበት ክፍል ማለት ነው። መኝታ ቤቷ ተነስቶ በርበሬው ጥግ ሄደ። ስፋቱም ጨመረ፤ አልጋውን በሦስት በኩል ዞረሽ ታነጥፊዋለሽ።

የጨመረው ከየት መጣ? ከኔ ሳሎን። 1 ሜትር ከ20 ወሰዱብኝ። ኤል ቅርጽ ሶፋ ለመግዛት ሳስብ ነበር የከረምኩት። አሁንም ቅር ይለኛል፣ አልደብቅም። ኮሪደሩ 1 ሜትር ከ20 ሆኗል፤ መታጠፊያውም ቀርቷል። ለእድሩ ዳኛ ስነግራቸው "ጎሽ" ብለው ዝም አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይቋጭ ቀረ። 2,000 ሊትር ሮቶ ጣሪያ ላይ ይውጣ ወይስ መሬት ላይ ይቀመጥ? ሲሞላ ሁለት ቶን ነው። ጓደኛዬ "ይሄ የኔ አይደለም፤ የስትራክቸር ባለሙያ ሳያሰላው እንዳትነኩት" አለች።

አዲሱ ፕላን በሚቀጥለው ሳምንት ለግንባታ ፈቃድ ይገባል። ኖራው ግን አልጠፋም። የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱበታል። ሳሎኑን በአንድ እግር ይዘልሉታል፤ ኪችኑ ላይ ያርፋሉ። እማዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። መኝታ ቤቷ ሲደርሱ ብቻ ትቆጣለች።

"በበሩ ግቡ!"