የእማማ ቦርሳ እና የእኔ ኦርኬስትራ

የአክስቴ ልጅ ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደወለችልኝ። «አዳራሽ ስንገባ ፊልም ፊልም የሚል ሙዚቃ እፈልጋለሁ። ቫዮሊኑም፣ ጥሩምባውም፣ ምኑም ምኑም ያለበት!» አለች።

«ችግር የለም» አልኳት። እኔ ችግር የለም ካልኩ አንድ ነገር ሊመጣ ነው።

ያለኝ አንድ ያረጀ ላፕቶፕና እንደ ፒያኖ የሚመታ ባለ 49 ቁልፍ ሚዲ ኪቦርድ ነው። ለማታውቁት፣ ሚዲ ኪቦርድ ብቻውን ዲዳ ነው። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ከመጣ ጀምሮ ሥራው ወሬ ማቀበል ነው። «60 ቁጥር ቁልፍ ተነካ፣ በ90 ጉልበት» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ድምፁን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። ጉልበቱ ቢበዛ 127 ነው። ይህቺን 127 ያዙልኝ።

እና የኦርኬስትራ ኮርድ ላይብረሪ ገዛሁ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የተቀዳ ድምፅ ስብስብ ማለት ነው። ኮርድ ደግሞ አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። እውነተኛ ሙዚቀኞች ተሰብስበው ኮርዱን በሙሉ ሲጫወቱ ተቀድቷል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ስትነኩ የሚመጣው አንድ ድምፅ ሳይሆን ሙሉ ኮርዱ ነው፤ ከቤዙ እስከ ፍሉቱ። በአንድ ጣት! አውርጄ ለመጨረስ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤ አንዴማ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። እሱን አላነሳም፣ ደሜ ይፈላል።

በሦስተኛው ሌሊት ከፈትኩት። ጣቶቼ ለአሥር ዓመት ኮርድ በሦስት መያዝ የለመዱ ናቸው። ሳላስበው ሲ፣ ኢ እና ጂን አንድ ላይ ተጫንኩ። ሦስት ሙሉ ኮርዶች፣ ሲ ሜጀር፣ ኢ ሜጀር እና ጂ ሜጀር፣ በአንዴ መጡ። የኢ ሜጀር ጂ ሻርፕ ከሲ ሜጀር ጂ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሄድፎኑ ደግሞ በደንብ አልገባም ነበር።

አከራዬ በሩን አንኳኩ። «ቁም ሳጥኑ ነው የወደቀው?»

«አይ እትዬ፣ ኦርኬስትራ ነው።»

«ይሁን፣ ቁም ሳጥኑ ደህና ከሆነ» ብለው ሄዱ። ቁም ሳጥኑ የሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ጣቶቼን መግራት ያዝኩ። መሀል ጣቴንና የቀለበት ጣቴን በፕላስተር አንድ ላይ ጠፍሬ፣ በሌባ ጣት ብቻ ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ። ታክሲ ላይ ረዳቱ ጣቴን አይቶ «በር ቆረጠህ?» አለኝ። «ሲ ሜጀር ነው» ልለው አስቤ ተውኩት። ዜማውን በትዝታ ቅኝት ሠራሁት፤ ሜጀሩ እሱ ላይ ደህና ይቀመጣል። አንቺሆዬ ላይም ሞክሬ ነበር። ፈረንጆቹ ሙዚቀኞች እርስ በርስ የተያዩ መሰለኝ።

አሁን ዋናው ነገር። ግራ ጫፍ ላይ ያሉት ጥቂት ቁልፎች ድምፅ አያወጡም። ሥራቸው የኮርዱን ጠባይ መቀየር ነው። ምንም ካልተነካ ሜጀር ነው፤ ደስተኛው። አንዱን ተጭነህ ከያዝክ ማይነር፣ ሐዘንተኛው፣ ይሆናል፤ ሌላኛውን ከያዝክ ዲሚኒሽድ፣ ጭንቅ ጭንቅ የሚለው። ስትለቀው ወደ ሜጀር ይመለሳል። እንደዚያ እንዲሆን ያስተካከልኩት እኔው ነኝ፣ ለጥንቃቄ ብዬ።

የሠርጉ ቀን ከዲጄው ጎን ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል። ዓይኔ በሩ ላይ እንደተተከለ አንዲት እናት በነጠላቸው ተሸፋፍነው አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይቺ ቦርሳ መሬት ላይ እንዳትቆሽሽብኝ፣ እዚህ ጋ ትቀመጥ?»

«ያስቀምጡ እማማ» አልኩ፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ።

በሩ ተከፈተ። ጭሱ ተለቀቀ። ሌባ ጣቴን ሲ ላይ አሳረፍኩ።

በፊልም ላይ ሴትየዋ ሻማ ይዛ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ የምትሰሙት ድምፅ አለ አይደል? እሱ መጣ። በሙሉ ኦርኬስትራ፣ በአዳራሹ ስፒከር። ተጀምሮ የነበረው እልልታ ከጉሮሮ ተመለሰ። ሚዜዎቹ ቆሙ። ሙሽራው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፣ የሆነ ነገር የሚከተላቸው መስሎት። አንድ ሕፃን አለቀሰ።

ጣቴ የሳተ መሰለኝና ወደ ኤፍ ሄድኩ። ኤፍ ላይም ያው ነው። ጂ ላይ ባሰ። በጥፊ ቢመታ ይስተካከላል እንደሚባለው ሬዲዮ፣ ጠንከር አድርጌ መታሁት። ያቺ 127 ያልኳችሁ እዚህ ጋ ናት። ላይብረሪው ጉልበቱን ሲያይ «በርቱ ተባልን» ብሎ ጥሩምባዎቹን በሙሉ አስነሳ።

ዲጄው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ወንድሜ፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ?»

ኬብሉን ነካካሁ። ላፕቶፑን አየሁ። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ቦርሳዋን ያላየሁት ለምን መሰላችሁ? እነዚያ ቁልፎች ድምፅ የላቸውማ! ጥቁሯ ቦርሳ፣ ሽንኩርት የተሞላች ይመስል፣ ዲሚኒሽዱ ላይ ደልቀቅ ብላለች።

ሙሽሮቹ እንደ ምንም ብለው መሀል ደረሱ። እማማ ይህን ጊዜ ሆድ ባሳቸው። ዓይናቸውን ሊጠርጉ ሶፍት ፈለጉ። ሶፍቱ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቦርሳዋን አነሱ።

ቀጥሎ የነካሁት ሲ ሜጀር ሆኖ ወጣ። በ127። ጣሪያው የተከፈተና ፀሐይ የገባ መሰለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፣ ሚዜዎቹ መጨፈር ጀመሩ። ሙሽራው እንኳ ሳቀ። እኔ ብቻ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባኝ እስከ መጨረሻው በአንድ ጣት እየተንቀጠቀጥኩ ዘለቅኩ።

ሙሽሮቹ ሲቀመጡ አክስቴ እየሮጠች መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ።

«መጀመሪያ ላይ ያ የሚያስፈራው ከእናቷ ቤት ስትለይ ነው አይደል? እኔማ እዚያ ጋ ነው ያለቀስኩት።»

«አዎ አክስቴ» አልኳት።

ዲጄው በምልክት ጠቀሰኝ፤ ኬክ ሊቆረስ ነው፣ ተዘጋጅ። እማማ አፍንጫቸውን ጠርገው ጨረሱና ቦርሳዋን መልሰው እዚያው ቦታዋ ላይ ጣል አደረጓት።