ድራማው በጭብጨባ አልቆ በር ላይ የተነሳው ጠብ

የአንድ ወጣት ማዕከል የሰላም ክበብ ያዘጋጀው ድራማ በሞቀ ጭብጨባ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ በር ላይ ድንጋይ ተነሳ።

የቀረበው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል የጀመረው ፎረም ቲያትር ነው። በመጥፎ የሚያልቅ የ10 ደቂቃ ያህል ጭውውት ይታያል። ሲደገም ከተመልካቹ የፈለገ «ቁም!» ብሎ ይወጣና የተበደለውን ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ተዋንያኑ አይለሳለሱለትም፤ አወያዩም «ይሄ እኛ ሰፈር ይሠራል?» እያለ ታዳሚውን ይጠይቃል።

የዕለቱ ታሪክ በኳስ ሜዳ የተጣሉ ሁለት ሰፈሮች ነበሩ። መጀመሪያ የወጣው ልጅ የተካው የተሰደበውን ሳይሆን ተሳዳቢውን ነው። «ይቅርታ ወንድሜ» አለ፤ ተቃቀፉ፤ አዳራሹ ተናወጠ። አወያዩም ደስ ብሎት እዚያው ላይ ዘጋው። ተሳዳቢው እንዲህ በቀላሉ ደግ የሚሆን ከሆነማ ጠቡስ ከየት መጣ? የተሰደበ ልጅ ምን ማድረግ እንደሚችል ማንም ሳይሞክር ቀረ። በዚያ ላይ ስድቡ «እውነት እንዲመስል» ተብሎ የእውነተኛ ሰፈር ስም ገብቶበታል፤ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል።

የቀረውን ሙዚቃው ጨረሰው። ከበሮ መቺው መዝጊያውን ላሙቅ ብሎ ሽለላ ጀመረ። ሽለላና ፉከራ ደም ለማፍላት የተሠራ ጥበብ ነው፤ ያን ዕለትም ሥራውን አሳምሮ ሠራ።

በሚቀጥለው ዝግጅት የሰፈርና የሰው ስም በሙሉ የፈጠራ ሆነ። ከድራማው በፊት ልጆቹ ሰፈር ከሰፈር ተቀላቅለው በክብ ቆሙና 20 ደቂቃ ያህል የጭብጨባ ምት ተቀባበሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ቀሪው ይቀበላል። ያላዳመጠ መቀበል አይችልም። የቸኮለ ሁሉንም ያስታል፣ ከመጀመሪያው ይደገማል። ጉልበተኛ ነኝ የሚለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ነው፤ አወያዩ ሳይገስጸው ምቱ ራሱ ያርመዋል።

በአንድ ጭውውት ቢያንስ ሦስት ሙከራ ሳይታይ አይዘጋም። ተሳዳቢውን ልተካ የሚል ከመጣ አወያዩ በትሕትና ወደ ተሰደበው ይመራዋል። ሲያልቅ ተዋንያኑ የመድረክ ልብሳቸውን አውልቀው የራሳቸውን ስም ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ተሳዳቢ ሆኖ የተወነው ልጅ በተለይ ሊዘለል አይገባም፣ መንገድ ላይ የሚጠበቀው እሱ ነውና። መዝጊያው ያለ ከበሮ፣ በክራር ብቻ የሚሄድ፣ ሁሉም ተቀምጦ የሚቀበለው ዝግ ያለ ዜማ ነው። ክራር ደርዳሪ ካልተገኘ ዘፈኑ ቢቀር ይሻላል።